ሥራ አስኪያጅ መሆን ያልፈለጉት ካህን

በአገራችን ቤተ ክርስቲያንና ባለሀብት የሚገናኙበት ቦታ የታወቀ ነው። ሕንፃ ይጀመራል፤ ገንዘቡ ከመሠረቱ አልፎ ጣሪያው ላይ ሳይደርስ ያልቃል፤ የገቢ ማሰባሰቢያ መርሐ ግብር ይታወጃል፤ ነጋዴዎቹ ከፊት ወንበር ይቀመጣሉ፤ በስለት የገባው ጥላና ምንጣፍ ለጨረታ ይቀርባል፤ ስም ይጠራል፣ እልልታው ይቀልጣል፣ ሕዝቡም ወደየቤቱ ይበተናል። ይህን የምናገረው ለማቃለል አይደለም። የምጸልይባት አጥቢያ የተሠራችው እንዲህ ነው፤ የእናቴ ፍትሐት የተደረሰውም በዚያ ጣሪያ ሥር ነው። ነገር ግን በአጥቢያው የልማት ኮሚቴ ውስጥ ባገለገልሁባቸው ዓመታት ካህናቱ ነጋዴውን ስለ ገንዘቡ ሲጠይቁት እንጂ ስለ ሥራው ሲጠይቁት ሰምቼ አላውቅም። ስንት ሰው ቀጥሯል? ምን ያህል ይከፍላል? ከሰንበት ትምህርት ቤቱ ወጣቶች ሙያ ሊያስተምረው የሚችለው አለ ወይ? እነዚህ ጥያቄዎች ከዐውደ ምሕረት የሚነሡ አይመስሉንም።

ስለ ሞንድራጎን፣ ሠራተኞቹ ራሳቸው ባለቤት የሆኑባቸው የኅብረት ሥራ ማኅበራት ስላደጉባት የስፔን ከተማ፣ ማንበብ የጀመርሁት ይህ ጥያቄ አላስቀምጥ ሲለኝ ነበር። ስለ ከተማዋ በየመድረኩ የሚነገረው ብዙውን ጊዜ ከመጨረሻው፣ ማለትም ከትልልቆቹ ፋብሪካዎችና ከቢሊዮን ዩሮዎቹ የሚጀምር ነው። እኔን ግን ያቆየኝ የመጀመሪያው ክፍል፣ ምንም ፋብሪካ ያልነበረበት ዘመን ነው። (ዓመታቱን የምጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ሞንድራጎን በሰሜን ስፔን፣ በባስክ ምድር፣ በጊፑስኮዋ አውራጃ፣ በዴባ ወንዝ ሸለቆ የምትገኝ ከተማ ናት፤ ባስኮቹ በራሳቸው ቋንቋ አራሳቴ ይሏታል። ተራራ ከሁለት በኩል የጨመቃት፣ ከጥንት ጀምሮ ብረት የሚቀጠቀጥባት፣ በኋላም ቁልፍና ጓጉንቸር በማምረት የታወቀች ነበረች። ከ1936 እስከ 1939 በቆየው የእርስ በርስ ጦርነት አብዛኛው ባስክ ከተሸነፈው ወገን ነበር፤ የፍራንኮ መንግሥት ጊፑስኮዋንና ጎረቤቷን ቢስካያን ከሃዲ አውራጃዎች ብሎ የቆየ የኢኮኖሚ መብታቸውን በ1937 ሰርዞባቸዋል። ጦርነቱ ሲያበቃ በከተማዋ የቀረው ረኀብ፣ ሳንባ ነቀርሳ፣ በጎረቤታሞች መካከል የተተከለ ቂምና ሥራ የሌለው ወጣት ነው።

በየካቲት 1941 ወደዚህች ከተማ በረዳት ካህንነት የተላኩት የ25 ዓመቱ አባ ሆሴ ማሪያ አሪስሜንዲአሪዬታ ነበሩ። በልጅነታቸው በደረሰባቸው አደጋ ግራ ዐይናቸውን አጥተዋል። በጦርነቱ ጊዜ በባስክ ቋንቋ ይታተም በነበረ ጋዜጣ ላይ ሠርተው ተይዘዋል፤ ከሞት ፍርድ የተረፉትም ለጥቂት ነው። ከክህነት በኋላ ወደ ቤልጅየም፣ ወደ ሉቨን ሄደው የማኅበራዊ ሳይንስ ትምህርት ለመማር ቢፈልጉም ጳጳሳቸው አልፈቀዱላቸውም፤ የተሰጣቸው ምደባ ሞንድራጎን ሆነ። ስብከታቸውም ደካማ ነበር ይባላል። ድምፃቸው አንድ ወጥ፣ ንግግራቸው ለምእመኑ የሚከብድ ስለነበር ሰዎች መጀመሪያ ላይ አልወደዷቸውም። ይህ ዝርዝር ያስደስተኛል፤ ምክንያቱም ዛሬ አገር የሚለውጥ አገልጋይ ስንፈልግ የመጀመሪያው መመዘኛችን መድረክ ላይ መቻሉ ነው።

በከተማዋ ትልቁ አሠሪ ኡኒዮን ሴራሄራ የተባለው የቁልፍና የብረት ፋብሪካ ነበር። ፋብሪካው የራሱ የተለማማጆች ትምህርት ቤት ነበረው፤ የሚቀበለው ግን በጣም ጥቂት ልጆችን፣ በአብዛኛው የራሱን ሠራተኞች ልጆች ነው። አባ ሆሴ ማሪያ በዚያ ትምህርት ቤት የሃይማኖት ትምህርት ያስተምሩ ስለነበር ኃላፊዎቹን ቀርበው በሩን ለሌሎቹም የከተማ ልጆች እንዲከፍቱ ለመኗቸው። እምቢ አሉ። የብዙ አጥቢያ ታሪክ እዚህ ላይ በቅሬታ ይዘጋል። እርሳቸው ግን ከወላጆችና ከወጣቶች ጋር ሆነው በየመንገዱ ማዕዘን ሣጥን አስቀመጡ፤ የሙያ ትምህርት ቤት ለመክፈት በገንዘብ ወይም በጉልበት ሊረዳ የሚፈልግ ሁሉ ፈቃዱን ጽፎ እንዲከት ጠየቁ። ወደ 600 የሚጠጉ ሰዎች መልስ ሰጡ። ትምህርት ቤቱ በ1943 በ20 ተማሪዎች ተከፈተ። ከአምስት ዓመት በኋላ ደግሞ ትምህርት ቤቱን የሚያስተዳድር ማኅበር ተቋቋመ፤ በውስጡ ግለሰቦች፣ ማዘጋጃ ቤቱና የአካባቢው ድርጅቶች እየወከሉ ገቡ። ነጋዴውና አምራቹ ከቤተ ክርስቲያን ጋር በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ በመደበኛነት የተቀመጡት እዚያ ነው። የተወያዩበትም ልጆች ምን ዓይነት ማሽን ላይ ይማሩ የሚል ጉዳይ ነበር።

ሣጥኑን ደጋግሜ አስባለሁ። ካህኑ ከአንድ ሀብታም ሊያገኙት የሚችሉትን ገንዘብ ከ600 ሰው በትንሽ በትንሹ ለመሰብሰብ መረጡ፤ ያ ምርጫ ትምህርት ቤቱን የማንም ውለታ እንዳይሆን አድርጎታል። አንድ ሰው ብቻውን የሠራው ትምህርት ቤት ስሙ በር ላይ ይጻፋል፤ ልጆቹም ሲያድጉ የሚያመሰግኑት ያንን ሰው ነው።

ቀጥሎ ያለው ዘመን ለአንባቢ አሰልቺ፣ ለእኔ ግን ዋናው ነው። አባ ሆሴ ማሪያ ከወጣቶቹ ጋር ከሳምንት ሳምንት የጥናት ክበብ ያካሂዱ ነበር። ከተማሪዎቻቸው አንዱ የሆኑት ሄሱስ ላራንያጋ በኋላ ሲያሰሉት ክበቦቹ ከ2,000 አያንሱም። የሚወያዩት ስለ ሃይማኖት፣ ስለ ሥራ ክብር፣ ስለ ካፒታልና ስለ ጉልበት ግንኙነት ነበር፤ ከመነሻዎቹም አንዱ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ሊዮ 13ኛ በ1891 ስለ ሠራተኞች ሁኔታ ያወጡት መልእክት የጀመረው የካቶሊክ ማኅበራዊ ትምህርት ነው። ከሙያ ትምህርት ቤቱ የወጡ 11 ወጣቶች እየሠሩ በሳራጎሳ ዩኒቨርሲቲ በኩል በርቀት የምሕንድስና ትምህርታቸውን ቀጥለው በ1952 ጨረሱ። የሠራተኛ ልጅ መሐንዲስ መሆኑ በዚያ ሸለቆ ያልተለመደ ነገር ነበር። በየድርጅቱ ተቀጥረው ወደ ኃላፊነት ሲወጡም ከውስጥ ሆነው ለመለወጥ ሞከሩ፤ ኡኒዮን ሴራሄራ ካፒታሉን ሲያሳድግ ሠራተኞች ድርሻ እንዲገዙ ይፈቀድ ብለው ጠየቁ። ይህም እምቢታ ገጠመው።

ሁለተኛው እምቢታ ነው አዲሱን ድርጅት የወለደው። ከ11ዱ አምስቱ፣ ማለትም ሉዊስ ኡሳቶሬ፣ ሄሱስ ላራንያጋ፣ አልፎንሶ ጎሮኞጎይቲያ፣ ሆሴ ማሪያ ኦርማኤቼያና ሃቪየር ኦርቱባይ፣ ከቤተሰብ ስማቸው የመጀመሪያ ፊደሎች ኡልጎር የሚል ስም አውጥተው የራሳቸውን ድርጅት መሠረቱ። ገንዘቡን ያገኙት ከከተማው ሰው ነው፤ መቶ ያህል ሰዎች ምን እንደሚመረት እንኳ በቅጡ ሳይታወቅ 11 ሚሊዮን ፔሴታ ገደማ አበደሯቸው። በ1956 ሞንድራጎን ላይ የፋብሪካው መሠረት ተባርኮ ተጣለ፤ የመጀመሪያው ዋና ምርታቸው በነጭ ጋዝ የሚሠራ የቤት ማሞቂያ ነበር።

ካህኑ ከመጡበት ቀን እስከዚያ መሠረት ድረስ 15 ዓመት አልፏል። እኔ የማውቀው የልማት ኮሚቴ የሥራ ዘመኑ ሳያልቅ ሪባን መቁረጥ አለበት። በ15 ዓመት ውስጥ ሦስትና አራት ኮሚቴ ይቀያየራል፤ እያንዳንዱም የቀደመውን ዕቅድ ትቶ በራሱ ይጀምራል። ለዚህም ይመስለኛል ከቤተ ክርስቲያን ጋር የሚሠራው ነጋዴ ሁልጊዜ ከውጭ የሚጋበዝ እንግዳ የሚሆነው። አባ ሆሴ ማሪያ ከነባሮቹ ባለሀብቶች የጠየቁትን ባያገኙ የሚፈልጓቸውን የንግድ መሪዎች ከ14 ዓመት ልጅነታቸው ጀምረው አሳደጓቸው።

የኡልጎርና እርሱን ተከትለው የተቋቋሙት የኅብረት ሥራ ማኅበራት ሕግ ቀላል ነው፤ መፈጸሙ ነው ከባድ። አባል ለመሆን ሰው ከራሱ ገንዘብ ድርሻ ያስገባል፤ የሌለው ከደመወዙ እየተቀነሰ ይከፍላል። በጠቅላላ ጉባኤ አንድ አባል አንድ ድምፅ አለው። ጉባኤው የአስተዳደር ምክር ቤቱን ይመርጣል፤ ምክር ቤቱ ሥራ አስኪያጁን ይሾማል። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የከፍተኛው ደመወዝ ከዝቅተኛው ከሦስት እጥፍ አይበልጥም ነበር፤ ኋላ ላይ ጣሪያው ከፍ ቢልም ዛሬም ከሌላው ዓለም ትልልቅ ኩባንያዎች ጋር የሚነጻጸር አይደለም። ከትርፉ ቢያንስ አንድ ዐሥረኛው ለትምህርትና ለማኅበረሰብ ሥራ ይወጣል፤ አንዱ ክፍል መጠባበቂያ ይሆናል፤ የቀረው በየአባሉ ስም ይመዘገባል እንጂ በእጅ አይሰጥም፤ አባሉ ጡረታ ሲወጣ ነው የሚወስደው። በየዓመቱ ትርፍ መቀራመት የለመደ ሰው ይህን ሲሰማ ፊቱ ይለወጣል። ፋብሪካው ያደገው ግን በዚህ ሳይወጣ በቆየ ገንዘብ ነው።

የማኅበሮቹ የራሳቸው ባንክ የተከፈተው በ1959 ሲሆን ካሃ ላቦራል ተባለ። አምስቱ ወጣት መሐንዲሶች ሐሳቡን አልወደዱትም ነበር፤ ማሞቂያ ለማምረት እንጂ ባንክ ለማስተዳደር አልተማሩም። ካህኑ ግን ፋብሪካ ያለ ብድር እንደማያድግ፣ ብድርም ያለ ራስ ቁጠባ የሌላ ሰው ተገዥ እንደሚያደርግ ነግረዋቸው ወረቀቱን ራሳቸው ይዘው ሮጡ፤ እንዲያውም የሁለት መሥራቾችን ፊርማ ራሳቸው ፈርመውላቸዋል ተብሎ እስከ ዛሬ እየተሳቀ ይነገራል። የንስሐ አባት ቢሰማው ምን እንደሚል አላውቅም። ባንኩ ሸለቆውን የዞረበት መፈክር «የቁጠባ ደብተር ወይም ሻንጣ» የሚል ነበር፤ ወይ እዚሁ ቆጥበን ለልጆቻችን ሥራ እንፈጥራለን፣ ወይ ልጆቻችን ሻንጣቸውን ይዘው ይሰደዳሉ ማለት ነው። ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ይህ መፈክር ማብራሪያ አያስፈልገውም።

የባንኩ ሥራ ገንዘብ መሰብሰብ ብቻ ቢሆን ኖሮ ተራ የቁጠባ ተቋም ሆኖ ይቀር ነበር። አዲስ ማኅበር የሚያጠናና የሚያቋቁም አንድ ክፍል በውስጡ ተፈጠረ። የሚተዋወቁ ሰዎች ሰብሰብ ብለው አንድ የምርት ሐሳብና ከመካከላቸው ሥራ አስኪያጅ የሚሆን ሰው ይዘው ይመጣሉ፤ ባንኩ አንድ አማካሪ ይመድብላቸዋል፤ ገበያው፣ ማሽኑና ወጪው ከአንድ ዓመት በላይ እየተጠና ሥራ አስኪያጁም ለዚያ ጊዜ ደመወዝ በብድር ይከፈለዋል። ጥናቱ ካላዋጣ ይተዋል። የባንኩ ገንዘብ የጎረቤት ገንዘብ ስለሆነ የወደቀ ማኅበር ማለት የጎረቤት ቁጠባ ማለት ነበር፤ ጥንቃቄውም የመጣው ከዚህ ነው። መንግሥት የማኅበሮቹን አባላት «እናንተ ባለቤቶች እንጂ ተቀጣሪዎች አይደላችሁም» ብሎ ከጠቅላላው የማኅበራዊ ዋስትና ሲያስወጣቸው ደግሞ ጡረታውንና ሕክምናውን የሚሸፍን ላጉን አሮ የተባለ የራሳቸውን ተቋም አቆሙ።

በዚህ ሁሉ ውስጥ አባ ሆሴ ማሪያ በአንዱም ማኅበር ሥልጣን አልያዙም። ሰብሳቢም ሥራ አስኪያጅም አልነበሩም፤ ረዳት ካህንና መምህር ሆነው ቆዩ። በ1976 ኅዳር ሲያርፉም ያው ናቸው። አንዳንዶች ይህን እንደ ትሕትና ብቻ ያዩታል። እኔ ግን ብልህ አሠራር ይመስለኛል። ቆብ ያጠለቀ ሰው የገንዘብ ኃላፊ ሲሆን ሒሳብ መጠየቅ እንደ ድፍረት ይቆጠራል፤ በእኛም ዘንድ ስንቱ አጥቢያ የተበጣበጠው «አባን እንዴት ትጠይቃለህ» በሚል ቃል እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል። ካህኑ ከፊርማው ሲርቁ ሥራ አስኪያጁ ሊጠየቅ ይችላል፤ ሥራ አስኪያጁም ከመስቀል ጀርባ መደበቅ አይችልም።

ነገሩን ሁሉ ለካህኑ ቅድስና ብቻ መስጠት ግን ታሪክን ማዛባት ነው። የፍራንኮ ስፔን ገበያዋን ለውጭ ዕቃ የዘጋች ነበረች፤ በ1960ዎቹ የሰው ገቢ ሲያድግ ምድጃ፣ ማቀዝቀዣና የልብስ ማጠቢያ ማሽን የሚፈልገው ብዙ፣ የሚያመርተው ጥቂት ነበር። ኡልጎር ያደገው በዚያ ጥላ ሥር ነው። አገሪቱ በ1986 ወደ አውሮፓ የኢኮኖሚ ማኅበረሰብ ስትገባ ጥላው ተነሣ፤ ማኅበሮቹም እርስ በርስ ይበልጥ ተጠጋግተው ወደ ውጭ አገር መውጣት ግድ ሆነባቸው። ሁሉም ሰላም ነበር ማለትም አይቻልም። በ1974 በኡልጎር ስለ ሥራ ደረጃ አመዳደብ የሥራ ማቆም አድማ ተነሥቶ 17 መሪዎች ተባረዋል፤ ካህኑ በሕይወት እያሉ የሆነ ነው። ሴቶች ሲያገቡ ከፋብሪካው እንዲወጡ ይደረግበት የነበረ ጊዜም ነበር። በ1969 አውሶ ላጉን የተባለው የሴቶች ማኅበር ሲቋቋም ያገቡ ሴቶች በከፊል ቀን የሚሠሩበትን መንገድ ከፈተ፤ ሥራው ምግብ ማዘጋጀትና ጽዳት መሆኑ ግን የዘመኑን ድንበር ያሳያል።

ትልቁ ውድቀት የደረሰው በ2013 ነው። የኡልጎር ወራሽ የሆነው የቤት ዕቃ አምራች ፋጎር በፈረንሳይና በፖላንድ ጭምር ፋብሪካ ገዝቶ ተስፋፍቶ ነበር፤ የስፔን የቤት ግንባታ ገበያ ሲወድቅ ምድጃና ማቀዝቀዣ የሚገዛ ጠፋ። ሌሎቹ ማኅበራት ብዙ ገንዘብ ከረዱት በኋላ ተጨማሪ እንዲሰጡ ሲጠየቁ በቃ አሉ፤ በዓለም ዙሪያ 5,600 ያህል ሠራተኞች የነበሩት ድርጅት ከሰረ። ከአባላቱ አብዛኞቹ ወደ ሌሎች ማኅበራት ተዛወሩ ወይም ቀድመው ጡረታ ወጡ፤ በድርጅቱ ውስጥ ያስቀመጡት ገንዘብ ግን ጠፋ፤ ተቃውሞም ተነሣ። የፖላንዱ ሠራተኛ ደግሞ መጀመሪያውኑ አባል ሳይሆን ተቀጣሪ ነበርና የሚዛወርበት ማኅበር አልነበረውም። ይህ በሞንድራጎን ላይ ከሚቀርቡት ትችቶች ሁሉ ለእኔ ከባዱ ነው። በ2022 መጨረሻም ኡልማና ኦሮና የተባሉ ሁለት ትልልቅ ማኅበራት ማኅበሮቹን በአንድነት ካቀፈው የሞንድራጎን ቡድን በአባሎቻቸው ድምፅ ወጥተዋል። ቡድኑ ዛሬም 80 ያህል ማኅበራትና ወደ 70,000 የሚጠጉ ሠራተኞች አሉት።

ወንጌልንና ልማትን አንድ አድርጎ ማሰብ ለእኛም አገር ባዳ አይደለም። የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ በቄስ ጉዲና ቱምሳ ዋና ጸሐፊነት ዘመን፣ በ1972፣ ለሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን የጻፈችው ደብዳቤ የምዕራቡ ዓለም ረጂዎች የወንጌልን ስብከትና የሰውን ልማት ለሁለት ከፍለው ማየታቸውን በግልጽ ነቅፏል። በዚያው ዘመን የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያንም የልማት ኮሚሽኗን አቋቁማለች። ያ ሥራ ብዙ ጉድጓድ ቆፍሯል፣ ብዙ ክሊኒክ ከፍቷል። ገንዘቡ ግን በአብዛኛው ከውጭ የሚመጣ ስለነበር የአጥቢያው ነጋዴና የአጥቢያው ወጣት በዕቅዱ ውስጥ ተረጂ ወይም ተመልካች ሆነው ቀሩ። ዛሬ ከውጭ የሚመጣው ሲቀንስ አጥቢያዎቹ በግቢያቸው ዙሪያ ሱቅ ሠርተው ያከራያሉ። ኪራዩ የካህናቱን ደመወዝ ይሸፍናል፣ እሰየው ነው። ሱቆቹን የሚከራየው ማን እንደሆነ፣ በውስጣቸውም የሚሠራው ልጅ በምን ሁኔታ እንደሚኖር ግን የኪራይ ውሉ አይጠይቅም።

ይህን ሁሉ ለንስሐ አባቴ አጫወትኋቸው። ረጋ ብለው ሰሙኝና፣ «ልጄ፣ አሁን በዚያች ከተማ ቅዳሴ የሚመጣው ስንት ሰው ነው?» አሉኝ። መልሱን ያውቁታል ብዬ እጠረጥራለሁ። የባስክ ምድር በካህኑ ዘመን ከስፔን እጅግ ሃይማኖተኛ ከሚባሉት አካባቢዎች አንዱ ነበር፤ ዛሬ ቤተ ክርስቲያን የሚሄደው ጥቂት ነው፤ ብዙ የማኅበሮቹ አባላት ካህኑን የሚያውቋቸው በሐውልታቸው ነው። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ በ2015 የምግባራቸውን ጀግንነት አጽድቀው ወደ ብፅዕና የሚወስደውን አንድ ደረጃ አሻግረዋቸዋል፤ የሚያከብራቸው ምእመን ግን ሳስቷል። «እንግዲያው ትምህርት ቤት ከፍተህ፣ ባንክ ከፍተህ፣ በመጨረሻው ቅዳሴው ባዶ ከሆነ ቤተ ክርስቲያን ምን አተረፈች?» አሉኝ።

ጥያቄው ቀላል አይደለም፤ እኔም ለማምለጥ አልሞከርሁም። «አባታችን፣ ምእመኑ የቀነሰው ፋብሪካ ባልተሠራባቸው የአውሮፓ ከተሞችም ነው፤ ስለዚህ ጥፋቱን በማኅበሮቹ ላይ ማድረስ አይቻልም፤ ደግሞም ካህኑ ትምህርት ቤቱን የከፈቱት ልጆቹ ሥራ ስላልነበራቸው እንጂ ቅዳሴ እንዲሞላ ብለው አይደለም» አልኋቸው። ይህን ያልሁት አምኜበት ነው። እርሳቸው ግን ሥራ ያገኘ ሰው እግዚአብሔርን የሚረሳበትን መንገድ ማሰብ የካህን ግዴታ ነው ብለው በአቋማቸው ጸኑ፤ በዚህም ከእርሳቸው ጋር የምጣላበት ምክንያት አላገኘሁም።

በአንድ ነገር ተስማማን። በሚቀጥለው ጊዜ ነጋዴዎቹ ሲጠሩ ከጨረታው በፊት አንድ ጥያቄ ይቀርብላቸዋል፦ ከእናንተ ውስጥ የብረታ ብረት፣ የኤሌክትሪክ ወይም የእንጨት ሥራ ቤት ያለው ማን ነው? ከሰንበት ትምህርት ቤቱስ ስንት ወጣት ተቀብሎ ሙያ ያስተምራል? የክፍሉን ትምህርት አዳራሹ ውስጥ እንጀምር ብለን ደግሞ በሰዓቱ ላይ ተከራከርን። እርሳቸው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ይሁን ይላሉ፤ እኔ ደግሞ ተለማማጆቹ ከሥራ የሚወጡበት የአዘቦት ቀን ማታ ይሻላል እላለሁ። እስካሁን አልተስማማንም።